ታማሚው ቀኑን በምን ያሳልፋል?

አንድ ታማሚ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቤተሰቡ ሐኪሙን ብዙ ነገር ይጠይቃል። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሥጋ ይከለከላል? በርበሬስ? ቀጠሮው መቼ ነው? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። «ቀኑን በምን ያሳልፍ?» ብሎ የጠየቀኝ ቤተሰብ ግን እጅግ ጥቂት ነው። መልሱ የታወቀ ስለሚመስል ይሆናል። ይተኛል፣ ያርፋል። ሲነቃ ይበላል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ መልሶ ይተኛል።

የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ባልተጠየቀው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው፣ የመርሳት በሽታ የጀመራቸው አዛውንት፣ ከአእምሮ ሕመም በማገገም ላይ ያለ ወጣት፣ በምግብ እጥረት ተጎድቶ የተኛ ሕፃን፣ ሁሉም እንክብካቤ ይሻሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚወዱትን ነገር ማድረግ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። በሌሎች አገሮች ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሙያ አለ፤ በአማርኛ የመዝናኛ ሕክምና ልንለው እንችላለን። ባለሙያው ታማሚው ቀድሞ ምን ይወድ እንደነበር ይጠይቃል፣ አሁን ምን ማድረግ እንደሚችል ይመዝናል፣ ከዚያም የሚወደውን ነገር አሁን ባለው አቅም ልክ አስተካክሎ ያስጀምረዋል። ቴሌቪዥን ከፍቶ ታማሚውን ፊት ለፊቱ ማስቀመጥ ከዚህ አይቆጠርም። ልዩነቱ ታማሚው ተመልካች ሳይሆን አድራጊ መሆኑ ላይ ነው።

በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው አናገኝም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ማሠልጠኑ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ በገጠር ቀበሌ ያለ ቤተሰብ ነገ ጠዋት የሚያገኘው ሰው የራሱ ልጅ ወይም ጎረቤቱ ነው። ደግነቱ መሣሪያው ከቤት አይርቅም። ይህን በሚገባ ያየሁት በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዚያው ናቸው።

መኝታ የሚያስከትለው ጉዳት

ዕረፍት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ስትሮክ በገጠመባቸው የመጀመሪያ ቀናት፣ ልብ ደክሞ ትንፋሽ በሚያጥርበት ጊዜ፣ ትኩሳት ባለበት ወይም አጥንት በተሰበረበት ወቅት ሐኪሙ «አይንቀሳቀሱ» ካለ ምክሩን መከተል ግድ ነው። ችግሩ ያ ትእዛዝ ጊዜው ካለፈ በኋላም የቤቱ ሕግ ሆኖ መቅረቱ ነው።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶችን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አቆይቶ ሲለካቸው፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጡንቻ አጥተው ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ምንም ሕመም አልነበረባቸውም። የታመመና ምግብ የቀነሰ ሰው ከዚህ የባሰ ሊያጣ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በዚህ ላይ የመኝታ ቁስል፣ በእግር ደም ሥር የሚረጋ ደም፣ የሳንባ ምችና የሆድ ድርቀት ይጨመራሉ።

ብዙ ጊዜ ሳናየው የሚያልፈን ግን የመንፈስ መውደቅ ነው። ስትሮክ ከገጠማቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» ወይም «ሕመሙ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ድባቴ የያዘው ታማሚ ደግሞ ክንድህን አንቀሳቅስ ሲባል አያንቀሳቅስም፣ ምግብ ይገፋል፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ይተዋል። ሁለተኛ ስትሮክ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ስለ ደስታ ስናወራ ስለ ቅንጦት እያወራን አይደለም።

ንግግር ሲጠፋ ዜማ ይቀራል

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ሐይቅ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ የውጫሌና የግሸን አገር አምባሰል ይመጣል። አንባቢ እንደሚያውቀው አምባሰል የቦታ ስም ብቻ አይደለም። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ታዋቂ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ያስተዋወቀንም ይኸው ዜማ ነው። በዚያ አገር በሠርግም በሥራም ሲዜም ያደገ ሰው አምባሰልን የሚያውቀው እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

ለምን ይህን እንዳነሣሁ ላስረዳ። በ60ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኙ አንዲት እናት በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ፣ ንግግራቸውም ጠፍቶ ለወራት ቤት ከዋሉ በኋላ ልጃቸው አመጣቻቸው። የመጣችበት ምክንያት ንግግሩ አልነበረም፤ «እህል አልበላ አለችኝ» ብላ ነው። እናትየው የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። መናገር ሲፈልጉ ግን ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም የፈለጉት አልነበረም። ያን ጊዜ በንዴት ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ።

«ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ?» አልኳት ልጅቱን።

«ኧረ ምን ትሠራለች ዶክተር! አንዲት ስኒ አላስነካት። ተኝታ ነው የምትውል።»

«ድሮስ ምን ይወዱ ነበር?»

ልጅቱ ሳቅ አለች። «ድሮማ እሷ ካልመጣች ሠርግ ቤት ዘፈን አይጀመርም ነበር።»

እስቲ አንድ የሚወዱትን ቀስ ብለሽ ጀምሪላቸው አልኳት። አፈረች፤ ደጅ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። በመጨረሻ በጉሮሮዋ አምባሰልን ጀመረች። እናትየው ትንሽ ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ ከመሐል ገቡ፤ በዜማ ብቻ ሳይሆን በቃሉ፣ ሐረጉን ሳይስቱ። ልጅቱ መቀጠል አቃታት፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ። ዘፈኑ አልቆ ስማቸውን ስጠይቃቸው ግን አሁንም ሊነግሩኝ አልቻሉም።

ይህ ተአምር አይደለም፤ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። በአብዛኞቻችን የንግግር ሥራ የሚካሄደው በግራ የአንጎል ክፍል ነው። ያ ክፍል በስትሮክ ሲጎዳ ሰው ሐሳቡ ሳይጠፋ ቃሉ ይጠፋበታል። ዜማን የሚይዘው ግን የአንጎል ሁለቱም ጎን ነው። በልጅነት የተለማመድነውና በየቀኑ ያልነው ነገር ሁሉ ከአዲስ ንግግር በተለየ መንገድ ይወጣል። አንድ ቃል መናገር ያቃታቸው ሰው «ቢስሚላህ» ሲሉ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ከአፍ እስከ ገደፉ ሲደግሙ ወይም እስከ 10 ሲቆጥሩ የሚሰሙት ለዚህ ነው። ቤተሰብ ይህን ሲያይ አንዳንድ ጊዜ «መናገር ይችላል፣ እልህ ይዞት ነው» ብሎ ይቆጣል። እባካችሁ አትቆጡ። እልህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የቦስተን ባለሙያዎች ከዚሁ ተነሥተው ንግግርን በዜማ የማስመለስ ዘዴ አስተዋወቁ። የዘዴው ፍሬ ነገር በቤት ሊሞከር ይችላል። ከታማሚው ፊት ለፊት ይቀመጡ። ለዕለት ኑሮ የሚጠቅም አጭር ሐረግ ይምረጡ፤ ለምሳሌ «ውኃ ስጪኝ»። ግራ እጁን ይዘው በእያንዳንዱ ድምፅ መታ መታ እያደረጉ ሐረጉን ከፍና ዝቅ ባለ ዜማ አብራችሁ በሉት። ከብዙ ጊዜ ድግግሞሽ በኋላ የእርስዎን ድምፅ ቀስ በቀስ ይቀንሱና እሱ ብቻውን ይጨርሰው። በመጨረሻ ዜማው እየሳሳ ወደ ተራ ንግግር ይጠጋል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። ይህ ለሁሉም አይሠራም፤ የሚሠራለትም ሰው በደንብ የሚያሻሽለው የተለማመዳቸውን ሐረጎች እንጂ ንግግሩን በሙሉ ላይሆን ይችላል። ውኃ መጠየቅ ለቻለ ሰው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ማዳመጥ ብቻውንም ጥቅም አለው። በፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ ጥናት ስትሮክ የገጠማቸውን 60 ሰዎች በሦስት መደበ። አንዱ ቡድን ለሁለት ወራት በየቀኑ ራሱ የመረጠውን ሙዚቃ፣ ሁለተኛው የተተረከ መጽሐፍ አዳመጠ፤ ሦስተኛው መደበኛውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ሙዚቃ ያዳመጡት የቃል ትውስታቸውና ትኩረታቸው ከሌሎቹ በተሻለ ተመለሰ። «ራሱ የመረጠውን» የሚለው ላይ አሰምርበታለሁ። ልጅ በስልኩ የሚወደውን ዘፈን ከፍቶ አባቱ ጆሮ ሥር ማስቀመጡ ሌላ ነገር ነው። ዘፈን የማይወዱ ሰዎች አሉ፤ በሱባኤ ወይም በሐዘን ላይ ያሉም አሉ። ለእነሱ መንዙማ አለ፣ መዝሙር አለ። ወሎ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም የሚሰማበት አገር ነው።

የቡናው ሥነ ሥርዓት ምን ይሰጣል?

እኔ እስከማውቀው ድረስ በማንኛውም ቤት ውስጥ ከሚገኙት «የሕክምና መሣሪያዎች» ሁሉ የቡና ሥነ ሥርዓት የተሟላው ነው። ሦስት ዙር አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰው ይሰበሰባል። ሽታ አለው፣ ድምፅ አለው፣ ተራ አለው። የወሎ ቡና ደግሞ ያለ ዱዓና ያለ ምርቃት አያልቅም፤ ታማሚው መራቂ ሲሆን ከተረጂነት ወጥቶ ሰጪ ይሆናል። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ለወራት ሲረዳ የኖረን ሰው ፊት ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም።

ሥራውን ከፋፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ጥሬ ቡና መልቀም ለጣት ቅልጥፍና የሚሆን ጥሩ ልምምድ ነው። የዛለው እጅ ሰፌዱን ይደግፍ፣ ደህናው ይልቀም፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይቀያየሩ። ስኒ ቆጥሮ ረከቦት ላይ መደርደር ለሚረሳ ሰው የማሰብ ሥራ ነው። «ማን ቀረ? ማንን እንጥራ?» ብሎ መጠየቅ የጎረቤትን ስም ያስታውሳል። ዘነዘናውን በሁለት እጅ ይዞ መውቀጥ ለክንድና ለትከሻ ነው፤ ተቀምጦም ይቻላል። ታማሚው የትኛውን እንደሚችል አይቶ አንዱን ብቻ መስጠት ይሻላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስጀመር ተስፋ ያስቆርጣል።

እዚህ ላይ ሐኪም ሆኜ ጥቂት ማሳሰቢያ ማከል አለብኝ። ስትሮክ የገጠመው ሰው በዛለው ጎኑ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ከምድጃውና ከፈላ ጀበና ይራቅ፤ መቁላቱን ሌላ ሰው ይሥራ። ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ትን የሚለው ከሆነ ፈሳሽ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ቡናም ሆነ ውኃ እንዳሻው አይጠጣ። ሁልጊዜም ቀና ብሎ ተቀምጦ ይጠጣ። ቡናን በጨው የመጠጣት ልማድ ባለበት ቤት የደም ግፊት ላለበት ሰው ጨው ይቅርበት፤ ስኳር ላለበትም ስኳሩ እንደዚሁ። ጫትን በተመለከተ ደግሞ አንባቢ ባይወደውም ግልጽ ልሁን። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ስትሮክ ለገጠመው ሰው «ለጨዋታው ያህል» እንኳ አይመከርም። ቡናውና ጨዋታው ያለ ጫት ይደምቃሉ።

«ታማ ያሠሯታል»

ያቺ እናቷን አንዲት ስኒ የማታስነካው ልጅ ሰነፍም ክፉም አይደለችም። እናቷን ትወዳለች። ከዚያም በላይ ሰው ይፈራል። አንዲት የታመመች እናት ደጃፍ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል የሚያይ ጎረቤት «ልጆቿ ታማ እንኳ ያሠሯታል» ብሎ ማማቱ አይቀርም። ስለዚህ እንዝርቱም፣ ሰፌዱም፣ ስንደዶውም ከፊቷ ይነሣል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን አንዲትን ሙያተኛ ባዶ እጇን ማስቀመጥ ነው።

እንደ ፈትልና ስፌት ያሉ ሥራዎች ለተጎዳ እጅ የሚሰጡት ጥቅም ፊዚዮቴራፒስት በጎማ ኳስ ከሚያሠራው የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ትርጉም ስላለው ታማሚው ሳይሰለች ይቆይበታል። አለላውን በቀለም መለየት፣ አክርማ መሰንጠቅ፣ በወስፌ መውጋት ዓይንንና እጅን ያቀናጃል። ወስፌው ስለት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሰው አጠገብ ይኑር፤ ወፍራምና አጭር እጀታም ይበጅለት። የተሰፋው ቢጠማዘዝ አትፍቱት። ደርዝ እንዲይዝ ብላ ልጅ ማታ ፈትታ ብታቃናው እናትየዋ ጠዋት ታውቀዋለች።

ጎረቤትን በተመለከተ እኔ የምመክረው መደበቅን ሳይሆን መናገርን ነው። «ሐኪም ያዘዘው ነው» ይበሉ። ማዘዣ ወረቀት ላይ «ፈትል፣ በቀን 30 ደቂቃ» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። መድኃኒት ቤት ይዘውት ባይሄዱም ቤት ውስጥ ሠርቷል። ሐምሊን ፊስቱላ ኢትዮጵያም ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ያልዳነ ሴቶች በእጅ ሥራና በግብርና ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ያቋቋመውን ማዕከል «ደስታ መንደር» ማለቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ስለሚረሱ አዛውንቶች

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነዚህን መከላከል ቢቻል ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ከ14ቱ መካከል የመስማት ችግር፣ ድባቴና ከሰው መገለል ይገኙበታል። አዛውንቱን ከጓዳ ወደ ሰው መሐል ማውጣት ከዚህ ጋር ይያያዛል።

በሽታው ለጀመራቸው ደግሞ በእንግሊዝ የተዘጋጀ የቡድን ጨዋታ ዘዴ አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ገደማ፣ በሰባት ሳምንት 14 ጊዜ ጥቂት አዛውንቶች ተሰብስበው ስለ ልጅነት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ገበያ ይጨዋወታሉ፣ ይዘምራሉ፣ ዕቃ እየዳሰሱ ስሙን ይገምታሉ። በታንዛኒያ ገጠርም ከአካባቢው ባህል ጋር ተጣጥሞ ተሞክሯል። እኛ ዘንድ ገበጣና ዳማ አሉ፤ ተረትና እንቆቅልሽ አሉ። «ምን አውቅልህ» ማለት ያልረሱ አዛውንት የልጅ ልጆቻቸውን ስም ቢስቱ እንኳ ከልጆቹ ጋር መጫወት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። «ይቺን ታውቋታለህ? ማን ናት? አስታውስ እንጂ!» እያሉ እንደ ፈተና መጠየቅ አዛውንቱን ያሳፍራል። ስሙን እርስዎ ይጥሩና ወሬውን ይቀጥሉ።

ሕፃናትና የአእምሮ ሕሙማን

በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው የሚተኙ ሕፃናትን ለማከም የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ ውስጥ 10 ደረጃዎች አሉ። አብዛኛው ሰው ስለ ወተቱ፣ ስለ አንቲባዮቲኩ፣ ስለ ሰውነት ሙቀቱ ሰምቷል። ዘጠነኛው ደረጃ ግን ጨዋታና ፍቅር ነው፤ በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታሰበበት ጨዋታ። የተራበ ሕፃን አንጎሉም ተርቧል፤ ክብደቱ ተመልሶ አንጎሉ ወደኋላ እንዳይቀር ያነጋግሩት፣ ይሳቁለት፣ ያጫውቱት። መጫወቻው በገንዘብ አይገዛም። የጠርሙስ ክዳን በክር፣ ጠጠር የገባበት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ይበቃል። ሕፃኑ አፉ ውስጥ ሊከተው የሚችል ትንሽ ነገር ግን እጁ አይግባ። በድርቅና በረሀብ ብዙ ባየ አካባቢ እናቶች ይህን ዘጠነኛ ደረጃ እንደ መድኃኒቱ እኩል ቢያውቁት እመኛለሁ።

የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ የራሳችን አገር ማስረጃ አለ። በጉራጌ አካባቢ፣ በሶዶ ወረዳ፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ጋር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ነገር ግን ለዚሁ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚዎቹን ወደ ማኅበራዊ ሕይወትና ወደ ዕለታዊ ሥራቸው እንዲመለሱ ቢረዷቸው ምን እንደሚሆን ፈተነ። ከአንድ ዓመት በኋላ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ይህ የተጨመረላቸው ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ችለው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ግን አልተቋረጠም። ጨዋታ የመድኃኒት ረዳት ነው፤ ምትኩ አይደለም።

ወደ ሐይቁ ዳር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሚዛንን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራል። ይህን ያህል የማይችል ሰው የሚችለውን ያህል ያድርግ፤ ትንሹም ይቆጠራል። የሐይቅ ነዋሪ በዚህ የታደለ ነው። ሜዳማውን የሐይቅ ዳርቻ ይዞ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር መሄድ ወይም በዊልቸር መገፋት ይቻላል። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ወፎቹንና ታንኳዎቹን ማየትም አንድ ነገር ነው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ አቅጣጫ እያዩ ጸሎት የሚያደርሱ አዛውንቶችን አይቻለሁ፤ ከቤታቸው ያስወጣቸው ጸሎቱ ነው፣ እግራቸውም አብሮ ይጠቀማል። ውኃው ውስጥ ግን እግር መንከር አልመክርም፤ እንዲህ ባሉ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል። ዳርቻው የሚያዳልጥ ስለሆነም ደጋፊው በዛለው ጎን በኩል ይቁም።

በእንቅስቃሴ መሐል ደረት ላይ ሕመም ወይም ጫና፣ ከተለመደው የበለጠ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያውኑ ማቆምና ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ በጥቂት ደቂቃ ካልተሻለም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ፊት በድንገት ከጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን «ይሻለዋል» ተብሎ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም።

አስታማሚውስ?

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ የአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከወደቀ አይዘልቅም። በአብዛኛው ቤት ያ ሰው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ልብስ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች፣ ሌሊት ትነሣለች። ከእሷ ደግሞ «አጫውቻቸው» ማለት ጨዋታውን ሌላ ሸክም ያደርገዋል። እንቅልፍ ያጣች፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ብቻዋን የምታለቅስ አስታማሚ ራሷ እርዳታ ያስፈልጋታል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መናገር ነውር አይደለም።

በወሎ ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰዉ ሁሉ ባንድ ጥሪ ይመጣል። ይኸው አደረጃጀት ለታማሚ ሊውል የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። በአንድ ቅሬ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ያለባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። አባላት ተራ ገብተው በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት አንዱ ቤት ሄደው ቡና ቢያስፈሉ፣ ገበጣ ቢጫወቱ፣ አስታማሚዋም በዚያ ሰዓት ገበያ ወይም ዘመድ ቤት ብትሄድ ወይም ብትተኛ ወጪው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። አስታማሚዋ ከመውጣቷ በፊት ለመጣው ሰው ሦስት ነገር ትንገረው፤ የትኛው ጎን እንደዛለ፣ ሲጠጡ ትን ይላቸው እንደሆነና እሷን የሚያገኝበትን ስልክ።